ላጋ ዳማ የሌለበት ካርታ

ሽማግሌ ተብሎ ሰው ቤት የገባ ሰው የመጣበትን ካልተናገረ ምን ሊሠራ መጣ? ወይዘሮ የሺሃረግ ይህን በሆዳቸው ሲሉ ዶሮው ሁለቴ ሞቆ ሁለቴ ቀዝቅዞ ነበር።

ነገሩ ሲጀመር ደህና ነበር። ዕለቱ እሑድ ነው። ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለው ግቢ፣ ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ወደየቤቱ ሲበተን፣ ሦስት ሽማግሎች በር ላይ ቆሙ። ፀሎትን ለሚልዮን ሊጠይቁ ነው የመጡት። ፀሎት የወይዘሮ የሺሃረግ የልጅ ልጅ ናት፤ የልጃቸው የአሉላ ልጅ። ሠላሳ አራት ዓመት ሞልቷታል። ወይዘሮ የሺሃረግ በእሷ ዕድሜ አራት ወልደው አንዱን ቀብረው ነበር።

ልጅቷ ጠያቂ አጥታ አይደለም። ከዚህ በፊትም ሽማግሌ መጥቶላት ያውቃል። ያኔ ከሽማግሎቹ አንዱ ልጁን ሲያሞግስ፣ «መኪናውም ገና ፕላስቲኩ አልተነሣም» ቢል፣ ወይዘሮ የሺሃረግ «ታዲያ ፕላስቲኩን ሲያነሣ ትመጣላችኋላ!» ብለዋቸው፣ ሰዎቹ የጫማቸውን ክር ሳያስሩ ወጥተዋል። ወጥተውም አልተመለሱ። አፍ ነው፤ ምን ይደረግ። እግዜር ፊደሉን ሲነሣቸው ምላሱን ጨምሮላቸዋል።

ስለዚህ በዋዜማው ፀሎት አልጋቸው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ አስማለቻቸው።

«እማማ፣ ሽማግሎቹ እስኪቀመጡ ድረስ አንድ ቃል አትተነፍሺም።»

«ጤና ይስጥልኝም አልል?»

«ጤና ይስጥልኝ በይና ዝም በይ። ማለቴ... እኔ ይሄን ሰውዬ እወደዋለሁ እማማ። ይሄም ከተበላሸ በቃ፣ ሌላ ሽማግሌ እዚህ ቤት እንዲመጣ አልፈልግም።»

ልጅቷ ስትቀልድ ዓይኗ ይስቃል። ያን ምሽት አልሳቀም። ወይዘሮ የሺሃረግ አይተውታል።

«ቂርቆስን፣ አልተነፍስም» አሉ።

ሲምሉ ቀላል መስሏቸው ነበር። ወጉ እንደሆነ የታወቀ ነው፤ ሽማግሌ «ተቀመጡ» ሲባል «የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም» ይላል። ቆሞ ይናገራል፤ እሺታ ሲያገኝ ይቀመጣል። ይኼ የሩብ ሰዓት ነገር ነው። የሩብ ሰዓት ዝምታ ደግሞ ወይዘሮ የሺሃረግንም ቢሆን አያቅታቸውም። ማን ያውቃል ሽማግሌው ግድግዳ ላይ ተጣብቆ እንደሚቀር!

ግድግዳው ላይ ያለው ካርታ ነው። ከሶፋው በላይ፣ ከበሩ ፊት ለፊት ተሰቅሏል፤ ስፋቱ የበር ሳንቃ ያህላል። የወለጋ ተራራ ነው ይላሉ፤ ወርቅ የሚቆፈርበት አገር። ቡናማው መስመር እንደ አውራ ጣት አሻራ ይዞራል፣ ይጠባል፣ ደግሞ ይሰፋል። ወንዙ ሰማያዊ ነው። ጉድጓድ የተቆፈረበት ቦታ ሁሉ ቀይ መዶሻ ተደርጎበታል። በእጃቸው የሣሉት የወይዘሮ የሺሃረግ ባል፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አቶ ኃይለገብርኤል ናቸው። ካዛንቺስ በነበረው የማዕድን መሥሪያ ቤት ካርታ የሚሥሉ ሠራተኛ ነበሩ። መሥሪያ ቤቱ አሮጌ ካርታ ሲያስወግድ ይህችን ለምነው አወጡ፤ ሜክሲኮ ወስደው በመስተዋት አስገጠሟት። እሳቸው ከሞቱ ወዲህ ወይዘሮ የሺሃረግ በየቅዳሜው በደረቅ ጨርቅ ይወለውሏታል። ሌላ ሰው ጣቱን አያሳርፍባትም። አሉላ ብቻ አንዳንዴ ይቀርብና «ቪንቴጅ እኮ ነው እማዬ» ይላል። አንድ ካፌ ሊከፍት ያሰበ ሰው አይቶ ወዶታል፤ ይሸጥልኝ እያለ ይደውላል። እሳቸውም «የአባትህን እጅ ማኪያቶ ሲጠጡበት ልታሳይ ነው?» ብለው አፉን አዘግተውታል።

እንግዲህ ሽማግሎቹ ገቡ። ፊት የቆሙት አቶ ሊካሳ ናቸው፤ የሚልዮን አጎት፣ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር፣ ረጅም፣ ኮታቸው ትከሻ ላይ የተወጠረ። በቀኛቸው ሐጂ ሱሌማን አሉ፤ ላንቻ የቧንቧና የቆርቆሮ ሱቅ ያላቸው፣ ለእስላሙም ለክርስቲያኑም ሽማግሌ ሆነው ያጋቡትንም ያስታረቁትንም ሁሉ የሚያውቁ ሰው ናቸው። ሦስተኛው አቶ ገበያው ይባላሉ። እሳቸው የመጡት ለቁጥር ማሟያና ለዶሮው ነው።

«ተቀመጡ እንጂ» አለ አሉላ።

«የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ሐጂ ሱሌማን፣ እንደ ወጉ።

አቶ ሊካሳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ በፈጣሪ ፈቃድ እዚህ የተከበረ ቤት የመጣነው...» ብለው ቆሙ። ዓይናቸው ከአሉላ ራስ በላይ ሄዶ ተተከለ። የደረት ኪሳቸውን ዳበሱ፤ መነጽር አወጡ፤ አደረጉት። ከዚያ ሶፋውን በጉልበታቸው ገፋ አድርገው ወደ ግድግዳው ተጠጉ።

«ይሄ ተራራ ቱሉ ጉዳ አይደለም?»

አሉላ ፊቱ ፈካ። ይህ ልጅ ስለ ካርታው የሚጠይቀው ሰው ካገኘ እህል አያስፈልገውም። «ነው! ኦሪጅናል ነው። በእጅ የተሠራ፣ ጀርባው ጨርቅ። አባቴ ነው የሣለው።»

«ይሄ ወንዝ ዳማ ነው።»

«ሊሆን ይችላል።»

«ምን ሊሆን ይችላል ትለኛለህ? የተወለድኩት በዚህ ወንዝ ላይ ነው።»

«ማሻ አላህ!» አሉ ሐጂ ሱሌማን። «እንግዲያማ ድሮም ዘመድ ናችሁ። በሉ አቶ ሊካሳ፣ ወደ ጉዳያችን...»

አቶ ሊካሳ ግን አልሰሙም። ጣታቸው መስተዋቱን ሳይነካ በአየር ላይ ወንዙን ተከትሎ ይወጣል፣ ይመለሳል። የወይዘሮ የሺሃረግ ዓይን ጣቱን ይከተላል። ‹ይንካትና ያያል!› አሉ በሆዳቸው።

«የት አለ?» አሉ አቶ ሊካሳ።

«ምኑ?»

«መንደሩ ነዋ። ላጋ ዳማ።»

ያኔ ሁሉም ፍለጋ ገባ። አሉላ ስልኩን አውጥቶ መብራት አበራ። አቶ ገበያው እንኳ ከወጥ ቤቱ በር ዓይናቸውን ነቅለው ጎንበስ አሉ። ወይዘሮ የሺሃረግ ወንበራቸው ላይ ሆነው የሦስት ሽማግሌና የአንድ ልጃቸውን ቂጥ ያያሉ። ሽማግሌ ፊቱን ነው እንጂ ቂጡን አምጥቶ ልጅ ሲጠይቅ የት ታይቷል?

«መጋዘን አለ» አሉ አቶ ሊካሳ፣ በጣታቸው እየለቀሙ። «የድማሚት ቤት አለ። የሠራተኛ ካምፕ አለ። የኢንጂነሩ ቤት አለ፤ በረንዳው ሳይቀር። ይሄ ምንድን ነው የሚለው... የበቅሎ ጋጥ። ጋጡ አለ። እኛ የለንም።»

«ካርታ እኮ አንዳንዴ ትንንሹን ነገር ይዘለዋል» አሉ አቶ ገበያው።

«ከበቅሎ ጋጥ የሚያንስ መንደር ነው?»

«አይ፣ ማለቴ» አለ አሉላ፣ «ቶፖግራፊክ ካርታ ነው፤ ፎከሱ ማይኒንጉና ከፍታው ላይ ነው። ሰፈራው ብዙም...»

«ልጄ፣ ቤተ ክርስቲያን ነበረን። ገበያ ነበረን፤ ማር ከሦስት ወረዳ የሚወጣበት። መሬቱን የለኩት ሰዎች እኛ ግቢ ነው ድንኳን የተከሉት። በጋውን ሙሉ እናቴ አብልታቸዋለች። ነጭ ባንዲራ ተራራው ላይ እየተከሉ በመነጽር ያዩ ነበር። የመንደሩን ስም አባቴን ጠይቀው፣ ዓይኔ እያየ ጽፈዋል።»

ወጥ ቤት በር ላይ ፀሎት ብቅ አለች። በእጇ ‹ምንድን ነው?› አለች። ወይዘሮ የሺሃረግም ትከሻቸውን ሰብቀው ‹እኔን ነው የምትጠይቂኝ? አፌን የዘጋሽው አንቺ› በሚል ዓይን መለሱላት። ጠረጴዛው ላይ ሳህኑ ተደርድሯል። ለሐጂ ሱሌማን ከጎረቤት ከፋኢዛ ቤት ለብቻ ተሠርቶ የመጣው ምግብ በክዳኑ ሥር ላቡን ጨርሶ ደርቋል። በልጅ ልጅ ቀን ምላስን መንከስ ይሻላል ብለው ነከሱ። ግን ምላስም እኮ ይደማል።

«አቶ ሊካሳ» አሉ ሐጂ ሱሌማን በለስላሳ ድምፅ፣ «ይህ የቆየ ነገር ነው። ልጆቹ እየጠበቁን ነው።»

አቶ ሊካሳ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሐጂ፣ ካዛንቺስ ልጆቼን ያሳደግሁበት ቤት ዛሬ መንገድ ነው። ልጆቹ ስልክ ላይ ከፍተው አሳይተውኛል፤ በኔ መኝታ ቤት መኪና ያልፋል። እሺ፣ እሱስ መንገድ ሆነ። ነገሩኝ፤ ምትክ ሰጡኝ፤ እኔም ዕቃዬን ጭኜ ወጣሁ። ይሄኛው ግን ማንም ሳያፈርሰው ነው የጠፋው። የለኩት ሰዎች ጽፈው ሄደዋል። እንግዲህ የተጻፈውን ያስቀረው የሣለው ሰው ነዋ!»

እዚህ ላይ መሐላው ፈረሰ። ቂርቆስ ይቅር ይበላቸው።

«ስማ አንተ ሰውዬ!» አሉ ወይዘሮ የሺሃረግ፣ ከወንበራቸው ተነሥተው። «ባሌን ነው መንደር ሰረቀ የምትለው? ኃይለገብርኤል እኮ ወለጋን በዓይኑ አላየም! ተራራ ቀርቶ እንጦጦ ሲወጣ የሚያዞረው ሰው ነበር። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ያመጡለትን ሣለ። ጋጥ ሣል ሲሉት ጋጥ ሣለ። መንደር ቢያመጡለት መንደር ይሥል ነበር! ወርቅ ፈላጊ መሬት መሬቱን እያየ ሲሄድ ሰው አልታየውም፤ ባሌ ምን ያድርግ? ሂድና እነሱን ጠይቅ! አንተ ደግሞ ልጅ ጠይቅ ተብለህ ተልከህ መጥተህ የሰው ግድግዳ ትመረምራለህ። ዶሮዬን ሁለቴ አሞቅኩ!»

ወጥ ቤት ውስጥ የድስት ክዳን ወደቀ፤ ተሽከርክሮ ተሽከርክሮ ተኛ።

አቶ ሊካሳ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር። መነጽራቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

«ልክ ነዎት እትዬ» አሉ። «የመጣሁት ልጅ ልጠይቅ ነበር። ‹ልጃችሁ የማን ወገን ነው? ከየት ነው?› ብትሉኝ፣ ‹አባቱም አያቱም የላጋ ዳማ ሰው ናቸው፤ የተከበሩ ማር ቆራጮች ናቸው› ልላችሁ ነበር ያሰብኩት። ሌሊቱን ሳጠናው ነው ያደርኩት። አሁን ግን ግድግዳችሁ ላጋ ዳማ የሚባል የለም እያለ፣ እኔ ከየት ነው የምላችሁ? ውሸታም ሆኜ ዝምድና አልጠይቅም። ሌላ ሽማግሌ ይላክ።»

ወደ በሩ ዞሩ። ሐጂ ሱሌማን «ኧረ እባክዎ» እያሉ ክንዳቸውን ያዙ። አቶ ገበያው ጠረጴዛውን እንደ ሟች ተሰናበቱት።

ወይዘሮ የሺሃረግ ወደ ወጥ ቤቱ አዩ። ፀሎት አላለቀሰችም። የበሩ መቃን ላይ ተደግፋ የጆሮ ጉትቻዋን ታወልቃለች። አንዱን አውልቃ መዳፏ ላይ አስቀመጠችው። ወደ ሌላኛው ሄደች።

ሽማግሌው ደግሞ፣ አሉ ወይዘሮ የሺሃረግ በሆዳቸው፣ ሽማግሌው ደግሞ እውነቱን ነው። የሚያናድደውም እሱ ነው። ሞኝ ቢሆን ሰድቦ መሸኘት ይቻላል። እውነት የያዘ ሰው ግን ተሰድቦም አይሸነፍም።

«አቶ ሊካሳ!» አሉ። «ይቁሙ። መቆም እንደሆነ ለምደዋል።»

አቶ ሊካሳ ቆሙ።

«መንደሩ የት ጋ ነበር?»

«ምን ያደርግልዎታል?»

«ጠየቅኩ እኮ! አሉላ፣ አውርደው።»

«ምኑን?»

«የአባትህን ካርታ ነዋ፣ የቂርቆስን ሥዕል አይደለም! ወለል ላይ አስተኛው። መስተዋቱን አንሣ።»

አሉላ ፊቱ ተለወጠ። «እማዬ፣ ምን ልታደርጊ ነው? ይሄ ነገር ከተነካ በቃ አለቀለት። ቪንቴጅ ነው እያልኩሽ! ሰውዬው አንድ ጭረት ካለው አልፈልግም ብሎኛል።»

«አልፈልግም ካለ ተገላገልን። ፀሎት! ቀለሜን አምጪ!»

በዚያ ቤት «ቀለሜ» ሲባል ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ወይዘሮ የሺሃረግ ፊደል ባያውቁም የእድሩ ሴቶች የሚያውቁት ማኅተም አላቸው። ሳህናቸው፣ ትሪያቸው፣ ድስታቸው፣ ወንበራቸው ሁሉ ከሥሩ በጥፍር ቀለም የተሣለ ቀይ ክብ አለው፤ መሐሉ ላይ አንዲት ነጥብ። ለቅሶ ቤትና ሠርግ ቤት የዞረ ዕቃ በዚያ ነው የሚታወቀው። ፀሎት ጠርሙሷን ይዛ መጣች። አንድ ጆሮዋ ላይ ጉትቻ አለ፤ አንዱ ባዶ ነው።

አሉላ በቢላ ጫፍ ምስማሩን እያነሣ፣ እየተነፈሰ፣ መስተዋቱን አወጣ። ወይዘሮ የሺሃረግ ጉልበታቸው እየጮኸ ወለሉ ላይ በርከክ አሉ። ካርታው ያለ መስተዋት ሌላ ነው። የመስመሩ ቀለም እንደ ክር ከፍ ብሎ ይታያል። የኃይለገብርኤል እጅ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«ይምጡ» አሉ። «ያሳዩኝ።»

አቶ ሊካሳ ኮታቸውን አውልቀው ለሐጂ ሰጥተው ከጎናቸው ተንበረከኩ። ጣታቸው አሁን ወረቀቱን ነካው። ማንም አልጮኸባቸውም።

«ከወንዙ መታጠፊያ ከፍ ብሎ።»

«እዚህ ጋ?»

«አይ፣ እዚያ ጋ ክረምት ሲመጣ ጎርፍ ይወስደናል።»

«እዚህስ?»

«እሱ የአጎቴ ማሳ ነው።»

«ታዲያ አጎትዎ ትንሽ ቢጠጋጉ ምን አለበት?»

«እሳቸው? ላም ከገባባቸው ሸንጎ የሚጠሩ ሰው ነበሩ!» አሉና አቶ ሊካሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። «ወደ ግራ። እዚህ። እዚህ ጋ ዋርካው ነበር። ከዋርካው ሥር ገበያው፤ ከገበያው በላይ ቤተ ክርስቲያኑ።»

ወይዘሮ የሺሃረግ ብሩሿን ነክረው፣ ጠርሙሷ አፍ ላይ ጠርገው፣ ቡናማው መስመር መሐል ቀይ ክብ አዞሩ። መሐሉ ላይ አንዲት ነጥብ አሳረፉ። ይህችን ክብ ለስንት ለቅሶ ሣሏት!

«ይሄ ምልክት ያለው ዕቃ ሠፈር ዞሮ ሳይመለስ ቀርቶ አያውቅም» አሉ።

«እውነትዎን ነው» አሉ ሐጂ ሱሌማን፣ ኮቱን እንደታቀፉ። «የእኔም ቤት አንድ ትሪዎ አለ።»

«አውቃለሁ ሐጂ። ከዐረፋ ጀምሮ ነው። ዛሬ ዝም ያልኩት ለልጅቷ ስል ነው።»

አቶ ሊካሳ ከአሉላ ኪስ እስክሪብቶ ለመኑ። አሉላ ሰጣቸው፤ ሰጥቶም ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። አቶ ሊካሳ ከክቡ ጎን፣ ከበቅሎ ጋጡ ከፍ አድርገው፣ በትንንሽ ፊደል ስሙን ጻፉ። ከዚያ ተነሥተው ኮታቸውን ለበሱ። ቁልፉንም ቆለፉ። እንደገና በሩ አጠገብ ሄደው ቆሙ፤ ገና እንደ ገባ ሰው።

«እንግዲህ በፈጣሪ ፈቃድ» አሉ፣ «እዚህ የተከበረ ቤት የመጣነው ልጃችሁን ለልጃችን ልንጠይቅ ነው። ልጃችን ሚልዮን ይባላል። ወገኑ የላጋ ዳማ ሰው ነው።» ወለሉ ላይ ወደ ተኛው ካርታ በአገጫቸው አሳዩ። «እዚያ ያለው።»

እንግዲህ ከልጅቷ ወገን የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው። «ዘመድ እናማክር፤ የዛሬ ሳምንት ተመለሱ» ይባላል። በአንድ ቀን እሺ ማለት ልጅን ማቅለል ነው። ወይዘሮ የሺሃረግም ይህን መልስ ሳምንቱን ሙሉ ሲያሰላስሉት ነበር፤ ‹ዘመድ› የሚለው ላይ እንዴት እንደሚያከብዱት፣ ‹ሳምንት› የሚለው ላይ እንዴት ዓይናቸውን እንደሚገለብጡ። አሉላ ዞሮ አያቸው። አፋቸውን ከፈቱ።

ፀሎት ባዶ ጆሮዋን በጣቷ ይዛ ታያቸዋለች።

«ቁጭ በሉ» አሉ ወይዘሮ የሺሃረግ።

ሦስቱ ሽማግሎች ተያዩ። «እሺ ማለትዎ ነው?» አሉ ሐጂ ሱሌማን።

«ሐጂ፣ ዶሮ ሦስተኛ አይሞቅም። የፋኢዛም እጅ እንዳያዝንብን። ቁጭ በሉ ብያለሁ! እናንተን ቆማችሁ ሳይ እኔን እግሬን አመመኝ።»

አቶ ገበያው ከሁሉ ቀድመው ተቀመጡ። እልልታው ከወጥ ቤት ሳይሆን ከጎረቤት ነው የመጣው፤ ፋኢዛ በግድግዳው ስትሰማ ኖሯል።

አሉላ ብቻ ነው ያልተቀመጠው። አንድ ሰው ጫማውን ሳያሳርፍበት በሚል ጥድፊያ መስተዋቱን መልሶ ገጥሞ፣ ካርታውን አንሥቶ ሰቀለው። ሰቅሎ ሲያበቃ «ውይ!» አለ። ቀለሙ አልደረቀም ነበር። መስተዋቱ ተጭኖት ቀዩ ክብ በአንድ ጎኑ ፈሶ፣ ወደ ተራራው ወገብ ተለጥጧል።

አቶ ሊካሳ የጎረሱትን ይዘው ቀና አሉ። መነጽራቸውን አወጡ። ቤቱ በሙሉ እጁን ሳህን ላይ አድርጎ ጠበቀ። ወይዘሮ የሺሃረግ ይህ ሰውዬ እንደገና ቢቆም በእግዜር ስም ምን እንደሚያደርጉት ሲያስቡ፣ አቶ ሊካሳ ጉርሻቸውን ዋጡ።

«ምንም አይደል» አሉ። «ኋላ ላይ ሰዉ ሲበዛ ወደዚያ በኩል ነው የሰፋው።»